የይማርሽ የጾም ምንቸት

ያን ምንቸት እኔም በልቼዋለሁ። ስለዚህ ከዳር ቆሞ የሰው ወሬ እንደሚያወራ ሰው አትቁጠሩኝ። በሁዳዴ፣ ቅዳሴ ወጥቼ፣ በወዳጄ በወርቅአገኘሁ ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሰሐኑን በእንጀራ ጠርጌ በልቻለሁ። በማግስቱ ይማርሽን መንገድ ላይ ሳገኛት "እጅሽ ይባረክ" ብያታለሁ። እሷም እንደ ልማዷ አንገቷን ሰበር አድርጋ "አሜን፣ የኔታ" ብላኛለች። የኔታ የምትለኝ እዚህ ላሊበላ ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ ስላስተማርኩ ነው።

ይማርሽ በላሊበላ አቅራቢያ የምትገኘው የገነተ ማርያም ልጅ ናት። አባቷ በደብሩ የሚያገለግሉ ቄስ ነበሩ። እናቷ ደግሞ ዝክር በሆነ ቁጥር ለብዙ ሰው ወጥ ሠሪ ሆነው የሚጠሩ ሴት ነበሩ። ይማርሽ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ወደ ላሊበላ መጥታ አንድ ሆቴል ሰሐን አጣቢ ሆና ተቀጠረች፤ ከዓመታት በኋላ የዚያው ሆቴል ዋና ወጥ ሠሪ ሆነች። አግብታ ነበር፤ ባሏ ሾፌር ነበር፣ በመኪና አደጋ ሞተባት። ልጅ አልወለደችም።

የሶያ ሥጋ የሚባለውን ነገር ያወቀችው በሆቴሉ ነው። ሥጋ ይባላል እንጂ ሥጋ የለበትም። ዘይቱ የወጣለት አኩሪ አተር ነው፤ ደርቆና ተፈርፍሮ በፌስታል ይመጣል። ሙቅ ውሃ ሲነካው ያብጥና የተፈጨ ሥጋ ይመስላል። አንዲት ሥጋ የማትበላ የውጭ አገር እንግዳ የቤተ ክርስቲያኖቹን ሥዕል ልታጠና ወር ስትቀመጥ ከሻንጣዋ አውጥታ ሰጠቻት። ይማርሽ የመጀመሪያውን ቀን ስትነግረኝ ራሷ ትስቃለች። ባቄላ ባቄላ ሸተተ፣ ጥርስ ሲያርፍበትም እንደ ስፖንጅ ውሃ ተፋ። እንግዳዋ ግን ጨርሳ በላች፤ ይማርሽን ያሳፈራት ይኸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሞከረችው። በሙቅ ውሃ ሦስት ጊዜ ታጥበዋለች፣ በነጠላ ጨርቅ ጠቅልላ እጇ እስኪደክም ትጨምቀዋለች። ከዚያ ያለ ዘይት ደረቅ ድስት ላይ ታምሰዋለች፤ ፍርፋሪው እየተንጣጣ ዳር ዳሩ ቡናማ እስኪሆን። ቁሌቱን ለብቻ ትሠራለች። ሽንኩርቱን ሳትቸኩል፣ በትንሽ እሳት፣ በርበሬው ጥሬ ጥሬ ማለቱን እስኪተው ድረስ። የኑግ ዘይትን ከኮሰረት፣ ከበሶብላና ከኮረሪማ ጋር አንተክትካ የጾም ቅቤ ታወጣለች። አብሹን ቀደም ብላ ነክራ መራራነቱን ታጠፋለታለች። ይህ ሁሉ ሲገናኝ ምንቸት አብሽ ይሆናል፤ ፋሲካ ላይ ከምንበላው የሚለየው ሥጋና ቅቤ የሌለበት መሆኑ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ኋላ የሚመጣውን ለመረዳት ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። ይማርሽ በጾም ስታበስል አትቀምስም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ምላሱ ላይ ምንም አያሳርፍም። ጨዉንም ቅመሙንም በእንፋሎቱ ሽታ ነው የምታውቀው። ቅዳሴው የሚወጣው ዘጠኝ ሰዓት ስለሆነ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሥራዋን ጨርሳ ነጠላዋን ለብሳ ወደ ቤተ ማርያም ትሄዳለች። ከዚያ ቤቷ ገብታ ሽሮዋን ትበላለች። ቀኑን ሙሉ ስታሸተው የዋለችውን ወጥ መብላት አይሆንላትም።

ኮሮና መጣና እንግዳ ጠፋ። ኮሮናው ሳይለቅ ጦርነቱ ደረሰ። ሆቴሉ ተዘጋ፣ ሰው ወደየገጠሩ ሸሸ። ይማርሽ ያኔ እናቷን እያስታመመች ነበር፤ አሮጊቷ መራመድ አይችሉም። በጀርባው አዝሎ ገነተ ማርያም ድረስ ያደረሳቸው ወርቅአገኘሁ ነው። ወርቅአገኘሁ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው የጎረቤቷ ልጅ ነው፣ በላሊበላ አስጎብኚ ሆኖ ሠርቷል። ሴት ልጁን ዓይናዲስን ክርስትና ያነሳችው ይማርሽ ናት፤ አበልጆች ናቸው። እናቷ በዚያው ሰሞን ሲያርፉ ከመቃብር ቆፋሪዎቹ መካከል እሱም ነበረበት። ይህን የምነግራችሁ ክፉ ሰው እንዳልነበረ እንድታውቁት ነው። የእኔም የብዙ ዓመት ወዳጅ ነበር።

ሰላም ሲሆን የውጭ እንግዳው አልተመለሰም። ተሳላሚው ግን አልቀረም። ወርቅአገኘሁ የግቢውን ፊት ለፊት ምግብ ቤት አደረገውና ይማርሽ ቤት ሄደ።

"አበልጄ፣ እኔ ሰው እጠራለሁ፣ አንቺ አብስይ። የጾሙን ምንቸት የሚያውቅ ሌላ ሰው በላስታ የለም" አላት።

እሷም እሺ አለች። በሁለት ዓመት ውስጥ ምግብ ቤቱ በጾም ወራት መቀመጫ የሚታጣበት ሆነ። ከጎንደርና ከሰቆጣ የሚመጡ ተሳላሚዎች "የይማርሽ ምንቸት የት ነው?" እያሉ ይጠይቁ ነበር።

የሶያውን ሥጋ የምታቀርብላት ኸዲጃ ናት። ኸዲጃ ገበያው አጠገብ ቅመም ትሸጣለች፣ ዕቃው ከደሴ በወልድያ በኩል ነው የሚመጣላት። ከይማርሽ ጋር ወዳጅነታቸው የቆየ ነው። በአገራችን እስላምና ክርስቲያኑ አብሮ ያዝናል፣ አብሮ ይደሰታል፤ ሥጋ ላይ ግን ይለያያል፣ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ስለዚህ ኸዲጃ ከክርስቲያን ቤት ሥጋ መሰል ነገር ስትበላ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። "ምንቸት ምን ምን እንደሚል በአርባ ዓመቴ አወቅኩ" ትል ነበር እየሳቀች።

ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን አንድ ሰሞን ገቡ። ክርስቲያኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በረንዳው ላይ ይሰለፋል፣ ሙስሊሙ ደግሞ ለማፍጠሪያ በሰሐን እያስቀዳ ይወስዳል። ኸዲጃም ለቤተሰቧ በየቀኑ ታስወስድ ነበር። ይማርሽ በየረቡዑና በየዓርቡ አንድ ምሳ ዕቃ ለንስሐ አባቷ ለአባ ገብረ ሊባኖስ ታደርስ ነበር። አባ ሰማንያ ያለፋቸው መነኩሴ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ የሚኖሩት በአንዲት ጠባብ ጎጆ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት መንገድ ተዘጋ። ከወልድያ በኩል መኪና የሚባል መምጣቱን አቆመ። ኸዲጃ ያላትን የመጨረሻ ኬሻ ሰጥታ እጇን አራገፈች። ይማርሽ ያንኑ ቀን ለወርቅአገኘሁ ነገረችው።

"ለሦስት ቀን ብቻ ነው የቀረን። ከዚያ በኋላ ምስርና ሽሮ እንሠራለን። ሰዉ ይረዳናል።"

"ሰው ለምስር ብሎ ነው እንዴ እዚህ የሚሰለፈው?" አላት ቅር ብሎት። በሦስተኛው ቀን ግን ፊቱ በርቶ መጣ። "ተገኘ! ኮን ከተማ ያለ አንድ ነጋዴ ጋ አግኝቻለሁ። ከነገ ጀምሮ አንቺ ቁሌቱን ብቻ ሥሪ። ሶያውን ፈንታው ይነክረዋል፣ ይጨምቀዋል፣ አንቺ ስትሄጂ ይጨምረዋል። አንቺም እጅሽን አሳርፊ፣ ቅዳሴውንም ከመጀመሪያው ትደርሺበታለሽ።"

ፈንታው ረዳቷ ነው፤ የአራት ልጆች አባት፣ ዝምተኛ ሰው። አጨማመቁን ያስተማረችው እሷው ናት። ስለዚህ አልተጠራጠረችም፤ እንዲያውም ደስ አላት። እጇ በእውነት ያማት ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ምስጋና ከቀድሞው ሁሉ በለጠ። ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ ያመሰግናት ጀመር። ከሰቆጣ የመጡ አንድ አዛውንት "ልጄ፣ ሥጋ የበላሁ መስሎኝ ሌሊት ደንግጬ ነቃሁ" ብለው አሳቋት። ይማርሽ ትሑት ሴት ናት፤ ግን ሰው ናት። ኋላ እንደነገረችኝ፣ በእነዚያ ቀናት ቅዳሴ ላይ ቆማ እንኳ ስለ ወጡ ታስብ ነበር። ቁሌቱን ብቻ መሥራቷ እንደጠቀመ፣ ኮረሪማውን መጨመሯ ልክ እንደነበር። ኩራት ኩራት ብሏት ነበር። ይህን ስትናገር ፊቷ ይቀላል።

የአባን ምሳ ዕቃ በዚያ ሰሞን የሚሞላላት ወርቅአገኘሁ ራሱ ነበር። ቅዳሴ ወጥታ በበሩ ስታልፍ በጨርቅ ጠቅልሎ ያቀብላታል። "ለአባ ውሰጂላቸው፣ በጸሎታቸው ያስቡን" ይላት ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ፈንታው አሞት ቀረ። ይማርሽ ወጥ ቤት ስትገባ ትልቁ ድስት ሳይታጠብ አድሯል። ሌሊቱ ብርድ ነበር። ልታጥበው ጎንበስ ስትል የድስቱ ከንፈር ዙሪያውን ነጭ ነገር ረግቶበት አየች። በጥፍሯ ፋቀችው፤ እንደ ሻማ ተላጠ።

የኑግ ዘይት አይረጋም። ውርጭ ላይ ብታሳድረው እንኳ እንዲህ አይሆንም። እንዲህ የሚረጋው የከብት ሞራ ነው። ሠላሳ ዓመት ድስት ያጠበች ሴት ይህን ለማወቅ ማንንም አትጠይቅም።

ግን አላመነችም። ሌላ ምክንያት ፈለገችለት። ምናልባት ለማይጾም ሰው፣ ለሕፃን ወይም ለታመመ፣ ማታ ሥጋ ሠርተውበት ይሆናል አለች። ድስቱን በፈላ ውሃና በአመድ ሦስት ጊዜ አጠበችው። ከዚያ ቁሌቷን ሠርታ በሰዓቷ ወጣች።

ገበያው ጋ ስትደርስ ኸዲጃ ከሱቋ ጠራቻት።

"ይማርሽዬ፣ እኔን ትተሽ ከማን ነው የምትገዢው? ወላሂ አልቀየምም፣ እኔም እንዳስመጣ ብዬ ነው።"

"ወርቅአገኘሁ ነው ያመጣው። ኮን ካለ ነጋዴ።"

ኸዲጃ ግንባሯን ቋጠረች። "ኮን ቅመም የምትሸጠው የአክስቴ ልጅ ሪሃና ናት እኮ። ትናንት ደውዬላት ነበር። ሶያ የሚባል ካለቀባት ወር ሊሞላት ነው፣ በከተማው ሌላ የሚሸጥም የለም አለችኝ።"

 ይማርሽ ወደ ቤተ ማርያም የሚወርደውን መንገድ ትታ ወደ ኋላ ተመለሰች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ እየጎተተችው እንደሄደች ያዩ ሰዎች አሉ።

በጓሮ በር ገባች። ፈንታው ሕመሙ ቀሎት ይሁን ተጠርቶ፣ መጥቷል። ዕቃ ቤቱ ውስጥ መክተፊያው ላይ ጎንበስ ብሎ በሁለት ቢላ ቀይ ሥጋ እየከተፈ ነበር። አጠገቡ አንድ ሳፋ ሙሉ የተከተፈ ተቀምጧል። ቀና ሲል አያት። ቢላዎቹን አስቀመጠና አንገቱን ደፋ።

ወርቅአገኘሁ ድምፅ ሰምቶ መጣ። መጀመሪያ ለመሳቅ ሞከረ።

"አበልጄ፣ ቅዳሴ አልሄድሽም እንዴ?"

"ይህ ምንድን ነው?"

"ቆይ፣ ተቀመጪ፣ ላስረዳሽ…"

"ምንድን ነው አልኩህ!"

በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሶያው ኮንም ሌላም ቦታ አለመገኘቱን ነገራት። አንድ ገበሬ በሬው ገደል ገብቶ እግሩ ተሰብሮ ሊያርደው እንደሆነ ሰማ፤ በሁዳዴ ሥጋ የሚገዛ ስለሌለ በርካሽ አገኘው። ለሁለት ቀን ብቻ ሊያደርገው አስቦ ነበር። ሰዉ ወደደው። ሁለተኛ በሬ ተገኘ።

"ለማንም ብዬ አይደለም። ስምሽን ብዬ ነው። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣ ሰው የለም ብንለው ምን ይላል? ሳያውቅ የበላ ደግሞ ኃጢአት የለበትም። ካለም በእኔ ላይ ይሁን።"

"ስንት ቀን ሆነው?"

"እ… አሥራ ሁለት።"

 ይማርሽ ቀኖቹን አይደለም ያሰበችው፣ ምሳ ዕቃውን ነው።

"ለአባስ?" አለችው። "በገዛ እጅህ ጠቅልለህ ያቀበልከኝስ? 'በጸሎታቸው ያስቡን' እያልክ?"

ወርቅአገኘሁ መሬት መሬት አየ። "ባልሰጥሽ ትጠረጥሪ ነበር" አለ።

ይህች ቃል ናት እስከ ዛሬ የምታነድዳት። ብዙ ነገር አጫውታኛለች፤ እዚህች ጋ ስትደርስ ግን ሁልጊዜ ቆም ትላለች። ረስቶ ቢሆን፣ አስቦት ባይሆን ኖሮ አንድ ነገር ነው። አስቦበታል። እሷን ለማታለል ሲል አንድ መነኩሴ በእሷ እጅ ሥጋ እንዲበላ አድርጓል።

"ኸዲጃስ? በረመዳኗ?"

"እሱንስ… እስላሞቹን ልክልክል ብል ምክንያቱን ይጠይቁኝ ነበር" አላት። ከዚያ እጇን ሊይዝ ሞከረ። "አበልጄ፣ በዓይናዲስ ይሁንብሽ። በክርስትና ልጅሽ። ዝም በይ። ሥጋውን ዛሬውኑ እቀብረዋለሁ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም።"

እጇን ነጠቀችው። በረንዳው ላይ ሰው መሰብሰብ ጀምሮ ነበር፤ ራቅ ካለ አገር የመጡ ተሳላሚዎች የቅዳሴውን መውጣት እየጠበቁ ቦታ ይዘው ተቀምጠዋል። ይማርሽ ወጣችና ከፊታቸው ቆመች። በሕይወቷ ብዙ ሰው ፊት ቆማ ተናግራ አታውቅም።

"ወገኖቼ፣ እዚህ ቤት አትብሉ። ከአሥራ ሁለት ቀን ወዲህ የበላችሁት ሥጋ ነው። እኔ አሁን ነው ያወቅኩት።"

 ወርቅአገኘሁ ከኋላዋ ወጣ። እዚህ ላይ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን እጁን ወደ እሷ ቀስሮ ጮኸ።

"ምን ታወራለች! ያበሰለችው እሷ አይደለችም? የይማርሽ ምንቸት አይደል የሚባለው? እኔ እንግዳ ተቀባይ ነኝ፣ ድስት ውስጥ ምን እንደገባ በምን አውቃለሁ? ፈንታውን ጠይቁት!"

ሁሉም ወደ ፈንታው ዞረ። ፈንታው በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ የጌታውን ፊት አየ፣ የይማርሽን ፊት አየ። "እኔ የታዘዝኩትን ነው የምሠራው" አለና ወደ ውስጥ ገባ። ማን እንዳዘዘው አልተናገረም።

ጩኸቱ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። አንዱ ሰደባት፣ ሌላው ተፋባት። እሷ ግን ስድቡን አታስታውሰውም። የምታስታውሰው ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ናቸው፣ በእግራቸው አምስት ቀን ተጉዘው የመጡ። አሮጊቷ አልተቆጡም። ቀና ብለው አዩዋትና "ልጄ፣ ምን አድርገንሽ ነው?" አሏት። 

ከዚያ ሮጣ ኸዲጃ ቤት ደረሰች። የማፍጠሪያው ሰዓት፣ መግሪብ፣ ገና ነበር። ኸዲጃና ባሏ ሙሐዲን የማፍጠሪያውን ማዕድ እያሰናዱ ነው። ይማርሽ በሩ ላይ ቆማ፣ ሳትገባ፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። ኸዲጃ ተምሯን ከእጇ አኖረች።

"በክርስቲያን የታረደ?" አለች።

"አዎ።"

"ልጆቼም? አሥራ ሁለት ቀን?"

"አላወቅኩም ነበር ኸዲጃዬ። ማርያምን አላወቅኩም።"

ሙሐዲን "አላህ የልብን ያውቃል፣ ግቢና ተቀመጪ" አላት። ደግ ሰው ነው። ኸዲጃ ግን ፊቷን አዞረች። "የማንንም ቤት ወጥ ሳልጠይቅ በልቼ አላውቅም" አለች። "አንቺን ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄሽ አላውቅም።" ይማርሽ ከበሩ ተመለሰች።

ሲመሽ አባ ገብረ ሊባኖስ ጎጆ ገብታ እግራቸው ላይ ወደቀች። እየተንሰቀሰቀች ነገረቻቸው። አባ መቁጠሪያቸውን በጣታቸው መካከል እያስኬዱ ሰሟት።

"ምላሴ ነግሮኝ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ከመነኮስኩ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ግን የልጅነቴን ፋሲካ አልረሳሁም። የመጀመሪያውን ጉርሻ ስጎርስ ይህ ሥጋ ነው አለኝ። እኔ ግን ከአንቺ እጅ የመጣ ነው ብዬ ምላሴን ተቆጣሁት።"

"አባቴ፣ ምን ልሁን?" አለቻቸው።

"አንቺ አላወቅሽም፣ ካወቅሽ በኋላም አልደበቅሽም። የእኔን ለእኔ ተይልኝ፣ ሱባኤ እገባለሁ። አንቺ ደግሞ የሚሉሽን ሁሉ ስሚ፣ ግን ያልሠራሽውን ሠራሁ አትበይ።"

ሰማችም። ለአንድ ወር ያህል ላሊበላ ውስጥ ይማርሽን በሙሉ ዓይን የሚያይ ሰው ጥቂት ነበር። ማኅበርተኞቿ የጽዋው ተራ ሲደርሳት ለሌላ ሰጡባት፣ ምክንያቱን ሳይነግሯት። እኔ ራሴ አንድ ቀን ከሩቅ አይቻት መንገድ ቀይሬያለሁ። ወርቅአገኘሁ አንደበቱ የሚጥም ሰው ነው፤ እየዞረ "ስሜን አጠፋችው" ሲል የነበረው እሱ ነው፣ እኛም አመንነው። እሷ በየቤቱ እየዞረች ለመከራከር አልፈለገችም። ቤቷን ዘግታ ተቀመጠች። በጎረቤትነት በር አንኳኩታ እንጀራ የምታቀብላት አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።

በስቅለት ዕለት ነው ነገሩ የተገለጠው። ሰዉ ሲሰግድ ውሎ፣ ንስሐውን ለካህናት ተናግሮ፣ በወይራ ቅጠል ቸብ ቸብ እየተደረገ ይወጣል። ፈንታው አባ ገብረ ሊባኖስ ዘንድ ቀረበ። አባ ሰምተውት ሲያበቁ "ለእኔ የነገርከኝን እኔ ለማንም አልናገርም። በሰው ላይ የወደቀውን ግን አንተው ሄደህ አንሳ" አሉት። ያን ጊዜ ፈንታው ወደ ቅጥሩ ወጣና ሰው በተሰበሰበበት፣ ወርቅአገኘሁም ባለበት ተናገረ። በሬዎቹን ማን እንደገዛ፣ ማን ክተፍ እንዳለው፣ ይማርሽ ቅዳሴ እስክትሄድ እንዴት እንደሚጠብቁ አንድ በአንድ አወጣው። ከዚያ ይማርሽን ፈልጎ እግሯ ሥር ተንበረከከ።

"ልጆቼን ፈርቼ ነው እትዬ። እንጀራዬን አጣለሁ ብዬ ነው" አላት።

ፈንታውን ወዲያው ይቅር አለችው። አነሳችው፣ አብረው አለቀሱ።

ከፋሲካ በኋላ ወርቅአገኘሁ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ሽማግሌዎች ነበርን፤ እኔም አንዱ ሆንኩ፣ ያን መንገድ የቀየርኩበትን ቀን ለመካስ ፈልጌ። ወርቅአገኘሁ ድንጋይ ተሸክሞ መጣና በይማርሽ በር ላይ ተደፋ። ይማርሽ "እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፣ እኔም ይቅር ብያለሁ" አለች። ደስ ብሎን ወደ ማዕዱ ልንነሳ ስንል ግን ጠየቀችው።

"አንድ ነገር ንገረኝ። ሥጋው ይሁን፤ ችግር ነው፣ ገበያ ነው፣ ሰይጣን ነው አልክ፣ ሰማሁ። በረንዳው ላይ ግን ለምን 'እሷ ናት' አልክ?"

ወርቅአገኘሁ አላመነታም። "ፈራሁ" አለ።

"እኔም ፈርቼ ነበር እኮ" አለችው።

ለዕርቁ የቀረበ ማዕድ ነበር። ሁላችንም ቆረስን። ይማርሽ ጉርሻዋን በእጇ እንደያዘች ቀረች፤ እስክንመርቅና እስክንነሳ ድረስ አልጎረሰችውም። እንዳላየን ሆንን።

አሁን ይማርሽ ከመነኻሪያው ወረድ ብሎ ባለ አንዲት ክፍል ቤት የራሷን ምግብ ትሸጣለች። ምድጃዋን በሩ ላይ አውጥታዋለች፤ መንገደኛው ሁሉ ድስቷን እያየ ያልፋል። ፈንታው ከእሷ ጋር ነው። የባጃጅ ሾፌሮቹ ይወዷታል። ቀድሞ የሰደቧት አንዳንዶቹ ደንበኞቿ ሆነዋል፣ አንዳንዶቹ ደግሞ እስከ ዛሬ "እሳት በሌለበት ጭስ አይታይም" በሚል ዓይን ነው የሚያዩዋት። ዓይናዲስ በየእሑዱ እየመጣች ጉልበቷን ትስማለች፤ ስለ አባቷ ሁለቱም አያነሱም። ይማርሽና ወርቅአገኘሁ መንገድ ላይ ሲገናኙ ጤና ይስጥልኝ ይባባላሉ።

መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ኸዲጃ የሶያውን ሥጋ እንደገና ታመጣላታለች። ኬሻውን ራሷ አሸክማ መጥታ፣ ደጁ ላይ ካለው በርጩማ ትቀመጣለች፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ወልድያ መንገድ ያወራሉ፤ ይስቃሉም። ይማርሽ በተቀመጠችበት ድስቱን ከፍታ ታማስላለች። ሽታው መንገድ ላይ ላለነውም ይደርሳል። ኸዲጃ ግን ከዚያ ወዲህ ከእሷ እጅ አንድ ጉርሻ አልቀመሰችም። ይማርሽም ብዪ ብላት አታውቅም፤ ሻይ ቀድታ ትሰጣታለች፣ ኸዲጃም ሻዩን ጠጥታ ትሄዳለች።